8ኤ፣ 8ቢ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዘፈን ሳገናኝ ይጋጭብኛል

ከፍኖተ ሰላም፦
ሰላም ዲጄዎች። ሰርግ መሥራት ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ዘፈን አገናኘሁ፤ ፍጥነታቸው አንድ፣ ምቱ ልክ ገጥሟል፣ ግን ዜማው ሲደራረብ ጆሮ የሚቧጭር ነገር ሆነ። እስክስታ የያዙት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ሪከርድቦክስ (የምሠራበት የዲጄ ሶፍትዌር) ከዘፈኑ ጎን 8ኤ፣ 3ቢ እያለ ይጽፋል። ይሄን ማወቅ አለብኝ መሰለኝ። የሚያስረዳኝ አለ? ለጥር ሰርግ ሳይደርስ ልማረው።

ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ይሄ ካሜሎት የሚባለው ነው፤ የዘፈኑን ኪ፣ ማለትም ዜማው የተመሠረተበትን መነሻ ድምፅና የኖታ ስብስብ፣ በቁጥርና በፊደል የሚጽፍ ዘዴ። የግድግዳ ሰዓት አስብ፣ ከ1 እስከ 12። ኪ ሁለት ዓይነት ነው፦ ኤ ማለት ማይነር፣ ቢ ማለት ሜጀር። ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው፦ 8ኤ ላይ ያለው ኤ የኖታ ስም አይደለም። 8ኤ ኤ ማይነር መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ 9ኤ ኢ ማይነር ነው፣ 7ኤ ደግሞ ዲ ማይነር። 8ቢ ሲ ሜጀር ነው።

ከ8ኤ ተነስተህ ወደ 8ኤ፣ 7ኤ፣ 9ኤ ወይም 8ቢ ብትሄድ አይጋጭም። ጎረቤት ቁጥሮች ከሰባቱ ኖታ ስድስቱን ይጋራሉ፤ 8ኤ እና 8ቢ ሰባቱንም። ከ12 ቀጥሎ 1 ይመጣል። ትራክተር የሚባለውን ሌላ የዲጄ ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ኤ ማይነርን 1ኤም ይለዋል፣ እንዳትደባልቅ።

ደግሞ ማስተር ቴምፖ መብራቱን እይ፤ ፍጥነት ስትቀይር የዘፈኑ ድምፅ ከፍና ዝቅ እንዳይል የሚይዘው ቁልፍ ነው። ጠፍቶ ፍጥነቱን 6 በመቶ ገደማ ከጨመርክ ዘፈኑ ግማሽ ቶን ከፍ ይላል፤ የተጻፈው ቁጥር ያን ጊዜ አይሠራም። የቅዳሜው ችግርህ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ከደብረ ማርቆስ፦
የተባለው ትክክል ነው። እኔ ግን ኪቦርድም ማሲንቆም የምጫወት ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሶፍትዌር የሚያውቀው 24 ኪ ብቻ ነው፣ 12 ሜጀር 12 ማይነር። የኛ ዘፈን የሚሄደው በቅኝት ነው፣ በአምስት ድምፅ። ስለዚህ ማሽኑ ይገምታል።

አንዳንዴ ግምቱ ይጠቅማል። ከሲ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) እና ከኤ የሚነሳ ባቲ ማይነር ኖታቸው አንድ ነው፣ ማረፊያቸው ብቻ ይለያል። አንዱን 8ቢ ሌላውን 8ኤ ቢልህ በደንብ ይገናኛሉ። አንዳንዴ ደግሞ ያሳስትሃል። ከሲ የሚነሳ አምባሰል ኖታው ከኤፍ ከሚነሳ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። ማሽኑ 4ኤ፣ ኤፍ ማይነር ሊልህ ይችላል፣ ዘፋኙ ግን የሚያርፈው ሲ ላይ ነው። አንቺ ሆዬ ላይማ ጭራሽ አትመነው። ድምፆቹ ከተለመደው ሜጀርም ማይነርም ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገቡም።

ከፍኖተ ሰላም፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ማስተር ቴምፖው እውነትም ጠፍቶ ነበር፣ አሁን አየሁት። በማሲንቆ ብቻ የተቀዱትንስ ምን ላድርጋቸው? ሰርግ ላይ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁኝ እነሱን ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፣ ከኪቦርድ ጋር ላይገጥም ይችላል። በሁለት ኖታ መሃል የሚወድቅም አለ። ስለዚህ ልጄ፣ ዜማ በዜማ ላይ አትደርብ። ከበሮና ጭብጨባ ብቻ የቀረበትን ቦታ ፈልግ፣ እዚያ ላይ ተሻገር። ቅኝቱን ደግሞ ራስህ ለይተህ ከዘፈኑ ስም ጎን ጻፈው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ዘፈኑ ሲያልቅ ዘፋኙ የሚያርፍበትን ድምፅ አብረህ አንጎራጉር፤ ያ ነው መነሻው። በቀን አምስት ዘፈን ብትሠራ ለጥር ትደርሳለህ።

ከፍኖተ ሰላም፦
ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። የመጀመሪያው የቅዳሜው ዘፈን ነው።