ሁሉም ስካን ላይ አንድ ቦታ የቆመች ጉብታ፦ ፕሮቲን ናት ወይስ የማሽኑ ጣጣ?

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ድሬ ነው። የፕሮቲን ናሙናችን ውጭ አገር ተልኮ በአናሊቲካል አልትራሴንትሪፊውጅ (ናሙናን በኃይል እያዞረ ፕሮቲኑ ሲወርድ በብርሃን ደጋግሞ የሚያነሳ ማሽን) ተለክቷል፤ ዳታውን እዚህ የምተነትነው እኔ ነኝ። በ280 ናኖሜትር የተነሳ አብሶርባንስ፣ ማለትም ናሙናው የዋጠው ብርሃን ልክ ነው ተብያለሁ። ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል። ግራፉ ላይ 6.4 ሴንቲሜትር ራዲየስ (ከመዞሪያው መሃል ያለው ርቀት) አካባቢ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ከመጀመሪያው ስካን እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አትልም። ደግሞ አንዳንዱ ስካን እንዳለ ከፍ ይላል፣ ቀጣዩ ዝቅ። አማካሪዬ "ጉብታዋን ቆርጠሽ ጣያት" ይላሉ። ልቁረጣት?

ሳቢያን፦
አቦ፣ እንዳትቆርጪ! ፕሮቲን ብትሆን ወደ ሴሉ (የናሙናው መያዣ) ግርጌ ትወርድ ነበር። ባለችበት የምትቀር ከሆነ የሴሉ መስኮት ላይ ያለ ጭረት ወይም የጣት አሻራ ናት። መስኮቱ ከሴሉ ጋር ስለሚዞር እድፉም ሁሌ እዚያው ራዲየስ ላይ ነው። ሴድፊት የሚባለው የትንተና ሶፍትዌር ይህን ከጊዜ ጋር የማይለወጥ ኖይዝ (የማሽን ረብሻ) ከሞዴሉ ጋር አብሮ ያሰላዋል፣ ከዚያ ይቀነሳል። ግን ፕሮቲኑ ወርዶ እስኪያልቅ ያሉትን ስካኖች ሁሉ ጫኚ። ጥቂት ስካን ብቻ ከሰጠሽው እውነተኛውን ሲግናልም ኖይዝ ብሎ ሊበላብሽ ይችላል።
ስለ ሁለተኛው ልጠይቅሽ፦ ፋይሉ በእርግጥ አብሶርባንስ ነው? ኢንቴንሲቲ፣ ማለትም አልፎ የመጣው ብርሃን ጥሬ ልክ እንዳይሆን።

የከዚራዋ፦
አሁን ከፍቼ አየሁት። ኢንቴንሲቲ ነው! ሁለቱም የሴሉ ክፍሎች ናሙና አለባቸው፣ ባፈር (ፕሮቲን የሌለበት ማነጻጸሪያ ፈሳሽ) የለም።

ሳቢያን፦
በቃ፣ ነገሩ ተፈታ። ባፈሩ ስለማይቀነስ የመስኮቱ እድፍ እንዳለ ይመጣል። የዜኖን ላምፑ ብርሃን ደግሞ ከስካን ስካን ይዋዥቃል፤ ስካኑ እንዳለ ከፍና ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ያንንም ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ስካን አንድ ቁጥር እየፈለገ ያነሳዋል። ዘዴው ጥቅም አለው፦ የባፈሩን የራሱን ነሲባዊ ኖይዝ አትደምሪም፣ በአንድ ሴልም ሁለት ናሙና ታስለኪያለሽ።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ኖይዙ ቢጠራም ማስመሪያው ከተዛነፈ ልኩም ይዛነፋል። በፈረንጆች 2015 የወጣ ጥናት አለ፤ 67 ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት የከብት ሴረም አልቡሚን (የከብት ደም ፕሮቲን) ለኩ። የሞኖመሩ (የነጠላው ሞለኪውል) ሴዲመንቴሽን ኮፊሸንት፣ ማለትም የአወራረድ ፍጥነቱ መለኪያ፣ ከ3.655 እስከ 4.949 ስቬድበርግ ተበታተነ። ራዲየሱ፣ ሙቀቱና ሰዓቱ በውጭ መለኪያ ሲታረሙ አማካዩ 4.325 ሆነ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ከ0.188 ወደ 0.030 ወረደ። እህቴ፣ ላቡን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ራዲየሱ በካውንተርባላንሱ (ሚዛን መጠበቂያው ሴል) ማነጻጸሪያ ጠርዞች፣ በ5.85ና በ7.15 ሴንቲሜትር፣ መቼ ተስተካከለ? የሮተሩ (ሴሎቹን የሚያዞረው ክፍል) ሙቀት በሌላ ቴርሞሜትር ታይቷል? አልቡሚን በማሽኑ ለፍተሻ በቅርቡ ተለክቷል?

የከዚራዋ፦
ኢሜይሉን ዛሬውኑ እልካለሁ። አማካሪዬን ግን ምን ልበላቸው?

ሳቢያን፦
አትከራከሪያቸው። ሞዴሉን ከዳታው ጋር የማስማማቱን ስሌት ሁለቴ ሥሪው፣ ኖይዙ ተነስቶና ሳይነሳ። የቀሪውን ስህተት ሁለት ግራፎች ጎን ለጎን አሳያቸው። ሳይነሳ በሠራሽው ላይ 6.4 ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሁሉንም ስካን አቋርጦ ያያሉ። የሚቆረጥ ነገር እንደሌለ ያኔ ራሳቸው ይነግሩሻል።