አዳማ ዳር የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ፣ ፍሎራይዱን ለልጆች እንዴት ነው የምታረጉት?

ሳሮን_አዳማ
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ከአዳማ ወጣ ብለን ወደ ወንጂ መስመር ቤት ሰርተን ገብተናል፣ የከተማው ቧንቧ ሰፈራችን ገና አልደረሰም፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚቀዳው አንድ ጎረቤት ካስቆፈረው ጉድጓድ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታ የለው፣ ጨው ጨው አይል፣ ልብስ ስታጥቢበት ደሞ ሳሙናው ቶሎ አረፋ ይላል። ግን ከገባን ጀምሮ አይኔን የያዘኝ የሰፈሩ ልጆች ጥርስ ነው። የትንንሾቹ የፊት ጥርስ ላይ ጠመኔ የተሰመረበት የሚመስል ነጭ መስመር አለ፣ ከፍ ያሉት ደሞ በልዟል፣ ቡናማ ሆኖ አንዳንዱ ጋ ጫፉ ተሸራርፏል።
እኔ የ3 አመት ሴት ልጅና ገና የሚጠባ ወንድ ልጅ አለኝ። ጥርሱን እንዲህ የሚያረገው ውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው አሉኝ። ትናንት ደሞ የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ፍሎራይድ የልጆችን የማሰብ ችሎታ ይቀንሳል የሚል ጥናት ላከልኝና እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው ወይስ የሶሻል ሚዲያ ወሬ ነው? ባፈላው ይወጣል? የሻማ ማጣሪያ፣ ያ ሻማ የሚመስል ሸክላ ያለው፣ ብገዛስ? የምታውቁ እባካችሁ።

የወንጂ_ልጅ
እህቴ ስላየሽው ስለ ጥርሱ ልንገርሽ፣ እኔ እዛው ነው ያደግኩት፣ የኔም የበለዘ ነው። ትምህርት ቤት እያለን ሁላችንም እንደዛ ስለነበርን ማንም አያፍርም ነበር፣ አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ ነው ፎቶ ላይ አፌን መግጠም የጀመርኩት። ግን ጥርስ ቀላሉ ነው። በኛ ሰፈር እድሜያቸውን ሙሉ እርሻ ላይ የሰሩ አባቶች ነበሩ፣ አንገታቸውን ማዞር የማይችሉ፣ ከኋላ ስትጠሪያቸው መላ ሰውነታቸውን ይዘው የሚዞሩ፣ ጎንበስ ብለው ጫማ ማሰር የማይሆንላቸው። ሰው የሚያወራው ብርድ ነው፣ ስራ ነው፣ ሸንኮራ ነው እያለ ነበር። በኋላ ነው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ሌሎች ሀኪሞች በስምጥ ሸለቆው ላይ የሰሩትን ጥናት ያነበብኩት፣ ወንጂ ውስጥም የአጥንት ፍሎሮሲስ፣ ማለትም ፍሎራይድ ሲበዛ የሚመጣ የአጥንት በሽታ፣ በደንብ የተመዘገበ ነገር ነው። ፍሎራይዱ ለአመታት አጥንት ውስጥ ይጠራቀማል፣ አጥንቱ ይወፍራል ግን ተሰባሪ ይሆናል፣ ጅማቱም ወደ አጥንት ይቀየራል፣ አከርካሪው ይደርቃል። እና አንቺ ልጆችሽ ትንንሽ እያሉ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ይሄን ነገር ቀላል ነው የሚልሽን አትስሚ።

ኬሚስትሪ_መምህር
ሳሮን ጥያቄዎችሽን ልመልስልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።
አትቀቅይው፣ ማለቴ ለጀርም ብለሽ ከሆነ ቀቅይ፣ ግን ፍሎራይድ በእንፋሎት አይሄድም፣ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ድስቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ከበፊቱ የበለጠ ፍሎራይድ ይይዛል። የሻማ ማጣሪያም ቆሻሻና ባክቴሪያ ነው የሚያስቀረው፣ ክሎሪን ነገሮችም ጀርም ብቻ ነው የሚገድሉት፣ ፍሎራይድ የሟሟ ጨው ስለሆነ ሁሉንም አልፎ ይወጣል።
አሁን ደግሞ ሳሙናው ቶሎ አረፋ ይላል ያልሽው ነገር በጣም አስፈላጊ ምልክት ነው፣ ሰው ግን እንደ ጥሩ ነገር ነው የሚያየው። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ ፐሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ፣ አመድ ምናምን፣ ፍሎራይድ በደንብ አለበት። ውሃው በዚህ ድንጋይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሶዲየምና ባይካርቦኔት እየበዛበት ካልሲየሙ እያለቀበት ይሄዳል። ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ ይዘቅጥ ነበር፣ ካልሲየም ሲጠፋ ግን ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም፣ ውሃው ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል። ሳሙና ደግሞ አረፋ የሚከለክለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ለስላሳ ውሃ ስታገኚ ጠርጥሪ፣ ማረጋገጫ አይደለም ግን ጠርጥሪ። በነገራችን ላይ ሻላና አቢጃታ ሃይቆች ውስጥ ፍሎራይዱ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም መሆኑን አስቢ። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው፣ አንዳንዴ በሁለት ጎረቤት ጉድጓድ መሃል እንኳ በጣም ይለያያል፣ ጥልቀቱና የሚያልፍበት ድንጋይ ስለሚለያይ። ለዛ ነው የጎረቤት ውሃ ጥሩ ነው ስለተባለ ያንቺም ጥሩ ነው ማለት የማይቻለው። ማስመርመር ግዴታ ነው፣ ምላስም አይንም አይነግርሽም።

ቢኒ_ናዝሬት
እኔ ይሄ ነገር ተጋንኗል ባይ ነኝ። አያቶቻችን ይሄንኑ ውሃ ጠጥተው 80 እና 90 አመት ኖረዋል። የጥርስ ሳሙና ላይም ፍሎራይድ ይላል እኮ፣ ዶክተሮች ለጥርስ ይጠቅማል ነው የሚሉት። አእምሮ ይቀንሳል የሚለው ደሞ አሜሪካ ውስጥ ፖለቲካ የሆነ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን። ሰው ስራ አጥቶ እያለ ውሃችሁን ጣሉ ማለት ማስፈራራት ነው።

ሄልዝ_ኦፊሰር_መ
ቢኒ ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ አንድ በአንድ እንየው። የጥርስ ሳሙናው ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋ ነው፣ በትንሽ መጠን ኢናሜሉን፣ የጥርሱን ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ያጠነክራል፣ ይሄ እውነት ነው። ችግሩ መጠኑ ነው። አሜሪካ ሆን ብለው ውሃ ውስጥ የሚጨምሩት በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው፣ የኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። እዛ የሚከራከሩበትና እኛ የምንጠጣው አንድ ነገር አይደለም። አሜሪካኖቹ የሚጨቃጨቁት ከወሰኑ በታች ስላለው ነው፣ እኛ ጋ ያለው ጉዳይ ከወሰኑ በጣም በላይ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ሳይንሱ በጣም ያነሰ ክርክር ነው ያለው።
የተላከልሽ ጥናት ሳሮን ምናልባት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ጃማ ፔዲያትሪክስ የሚባል የህፃናት ህክምና መፅሔት ላይ የወጣው ይሆናል። አዲስ ምርመራ ሳይሆን ከ10 አገር የተሰበሰቡ 74 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ነው፣ አብዛኞቹ ከቻይና ናቸው። በልጆች ሽንት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በሊትር 1 ሚሊግራም በጨመረ ቁጥር አይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ ነጥብ) በአማካይ በ1.63 ነጥብ ዝቅ ብሎ አገኙት። ግን ደግሞ ከ74ቱ 52ቱ የአሰራር ድክመት ያለባቸው ናቸው ብለው ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ፅፈዋል፣ ጥሩ የተሰሩትን ብቻ ሲወስዱ ቁጥሩ ወደ 1.14 ይወርዳል። ከ1.5 ሚሊግራም በታች ላለ ውሃ ደሞ ግልፅ ግንኙነት አላገኙም። ስለዚህ አንድ ልጅ ይሄን ውሃ ጠጣ ማለት አእምሮው ተጎዳ ማለት አይደለም፣ በብዙ ልጆች አማካይ ላይ የታየ ልዩነት ነው፣ ልጅሽን እያየሽ አትጨነቂ።
ግን የኛው አገር ጥናትም አለ፣ ይሄ ነው እኔን የነካኝ። ቴዎድሮስ ራንጎ ጎደቦ የሚባል አሜሪካ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ያለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ገጠር ያሉ 74 ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2023 አወጡ (ቁጥሩ ከላይኛው ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው)። የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይድ ከ0.4 እስከ 15.5 ሚሊግራም ይደርሳል። ልጆቹን የሚያውቁትን ነገር ሳሉ አሏቸው፣ ቤት፣ ሰው፣ አህያ፣ ከዛ የቀረውን ዝርዝር ቆጠሩ። በኮምፒውተርም የማስታወስ ፈተና ሰጧቸው። ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ስህተቱም በዛ። ትንሽ የሙከራ ጥናት ነው፣ እነሱም የፍሎራይዱ ስራ ነው ብለው አልደመደሙም፣ ትልቅ ጥናት ያስፈልጋል ነው ያሉት። ግን የኛ ልጆች፣ የኛ ውሃ ነው። ይሄን እያየን አያቶቻችን ጠጥተውታል ብለን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም፣ አያቶቻችን ውስጥ ከላይ የወንጂ ልጅ የፃፈላቸው አባቶችም አሉበት።

ቢኒ_ናዝሬት
እሺ ከ10 በላይ የሚል ጉድጓድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ደሃ ቤተሰብ ግን ምን ያርግ ነው የኔ ጥያቄ፣ የታሸገ ውሃ እየገዛ ሊኖር አይችልም።

እማማ_ዘነበች_ልጅ
ቢኒ ዋናው እሱ ነው። እኛ ያለነው ከአዳማ ወጣ ብሎ ሲሆን ውሃውን ከፋፍለን ነው የምንጠቀመው። ለማጠቢያ፣ ለሰውነት፣ ለቤት መወልወያ የጉድጓዱ ውሃ ምንም አይልም፣ በቆዳ አይገባም። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥና ለቡና ብቻ ከከተማው ቦኖ በጀሪካን እናስመጣለን፣ የአዳማ ቧንቧ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ከጥልቅ ጉድጓዱ ይሻላል። ባጃጅ ሰው ጭኖ ሲመለስ ሁለት ጀሪካን ያመጣል፣ ጎረቤት ተነጋግረን ተራ ገብተንበታል። ክረምት ላይ ደሞ ቆርቆሮው ከታጠበ በኋላ ያለውን የዝናብ ውሃ በሮቶ እንይዛለን፣ ዝናብ ድንጋይ ውስጥ ስላላለፈ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱን ግን ለጀርም ማከም አለባችሁ።

ኬሚስትሪ_መምህር
በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው። ለማጣራት የሚፈልግ ደሞ መንገዶች አሉ። አንዱ ናልጎንዳ የሚባለው ነው፣ ህንድ ውስጥ የተሰራ፣ ውሃው ላይ አሉም የሚባል የአሉሚኒየም ጨውና ኖራ ጨምረሽ ትበጠብጪና እስኪዘቅጥ ትጠብቂያለሽ፣ እኛም አገር ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተሞክሯል፣ ችግሩ መጠኑ ካልተስተካከለ አሉሚኒየምና ሰልፌት ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ደለሉም ብዙ ነው። እኔ የምወደው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር እንደልብ ሳያገኝ በ400 እና 500 ዲግሪ አካባቢ ይከሰላል፣ ተፈጭቶ ጥቁር ጠጠር ይሆናል፣ በባልዲ ሞልተሽ ውሃ ታሳልፊበታለሽ። የአጥንት ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል፣ ፍሎራይድ ሲያገኝ ይዞ ያስቀረዋል፣ የሰው አጥንት ውስጥ የሚጠራቀመውም በዚሁ ምክንያት ነው። እና እዚያ ባልዲ ውስጥ ሲያዝ ያንቺ አጥንት ውስጥ አይገባም። ግን ቤት ውስጥ አጥንት አታክስሉ እባካችሁ፣ ሙቀቱ ካነሰ ይሸታል ውሃውንም ያበላሻል፣ ካለፈ ደሞ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ሌላው ከሰሉ ይሞላል፣ ያኔ መቀየር አለበት፣ ሞልቶ ማለፍ ሲጀምር ውሃው መልኩም ጣእሙም አይቀየርም፣ በምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው። ማሽን የሚችል ሰው ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በጣም ደቃቅ ማጣሪያ ውስጥ የሚያሳልፍ) ጥሩ ያወጣዋል።

ሳሮን_አዳማ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ለሚጠባው ልጄ ዱቄት ወተት ልጀምርለት ነበር፣ እና ልጅቷ ጥርሷ ገና ነጭ ነው፣ ገና ይበልዛል ወይስ አልፏል?

ሄልዝ_ኦፊሰር_መ
ከቻልሽ ማጥባቱን ቀጥይ፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ፍሎራይድ የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው፣ እናትየው ብዙ ብትጠጣ እንኳ። ዱቄት ወተቱን በጉድጓዱ ውሃ ከበጠበጥሽው ግን ህፃኑ ያንን ውሃ ቀኑን ሙሉ ጠጣ ማለት ነው፣ በዛ ላይ ህፃናት የገባውን ፍሎራይድ ከአዋቂ ይልቅ በሰውነታቸው ያስቀራሉ። ግዴታ ከሆነ ብልቃጡ ላይ የፍሎራይድ መጠን የፃፈና ዝቅ ያለ የታሸገ ውሃ ፈልጊለት።
የልጅቷ አሁን ያሉት የወተት ጥርሶች ናቸው። ቋሚዎቹ አሁን ድዷ ውስጥ እየተሰሩ ነው፣ እስከ 8 አመት አካባቢ ማለት ነው፣ ፍሎራይዱ የሚያበላሸው በዚህ ጊዜ ነው፣ ተሰርተው ካለቁ በኋላ ውሃው አያበልዛቸውም። ስለዚህ ጊዜሽ አሁን ነው፣ አልረፈደም። ሻይ አታብዢባት፣ የሻይ ቅጠልም ራሱ ፍሎራይድ አለው። ወተትና ካልሲየም ያለው ምግብ ስጫት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የሃዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካናዳው ሳስካቼዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ስምጥ ሸለቆ ላሉ ሴቶች የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ለ6 ወር ሰጥተው በሽንታቸው የሚወጣው ፍሎራይድ ቀንሶ፣ የህመም ምልክቶቹም ቀለል ብለው አግኝተዋል፣ ካልሲየሙ አንጀት ውስጥ ፍሎራይዱን ይይዘዋል ነው ሀሳቡ። ያ በአዋቂ ሴቶች የተሰራ ስለሆነ ለልጅ ቅርፊት ፈጭተሽ እንዳትሰጪ፣ ወተትና እርጎ ይበቃታል። የተጣራ ውሃንም አይተካም።

የወንጂ_ልጅ
ለበለዘው ጥርስ ደሞ በኖራ በከሰል በአሸዋ የሚፈትጉ አሉ፣ ተዉ። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ስላልሆነ ኢናሜሉን ነው የምታጠፉት። ጥርስ ሀኪም ጋ የላዩን በትንሹ የማንሳት ወይም ሬዚን (የጥርስ መሙያ ፕላስቲክ መሳይ ነገር) የማስገባት ህክምና አለ፣ እኔ ሁለቱን የፊት አሰርቻለሁ።

ኬሚስትሪ_መምህር
ሳሮን ምርመራውን የውሃ ቢሮ ላቦራቶሪ ወይም ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል ጠይቂ፣ ፍሎራይድ ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ፣ ጀርም ብቻ መርምረው ንፁህ ነው እንዳይሉሽ። ናሙናውን በመስታወት ሳይሆን በላስቲክ ጠርሙስ ያዢ፣ ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር ይነካካል። ውሃውን ትንሽ አፍስሺው ከዛ ጠርሙሱን በራሱ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂና እስከ አፉ ሙይው። ጎረቤቶችሽን ብታስተባብሪ ደሞ ወጪውን ትካፈሉታላችሁ፣ ጉድጓዱ ያለው ሰውዬም ማወቅ አለበት፣ ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ፃፊልንና ማጣሪያውን አብረን እናስላለን።