የውስኪው ቡሽ ተሰብሮ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የግላስጎው ልጅ፦ ሰላም፣ እንግዶች እየመጡብኝ ነው። ሲንግል ሞልት (ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የወጣ የብቅል ውስኪ) ስከፍት ቡሹ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ገባ፣ ፍርፋሪው ይንሳፈፋል። ብቀምሰው አዮዲን አዮዲን ይላል፣ ሆስፒታል የገባሁ ነው የመሰለኝ። በረዶ ሳደርግበት ደግሞ ደፈረሰ። ቡሹ አበላሽቶታል፣ ልድፋው?

አባ ጨጓሬ፦ እንዳትደፋው! አድራሻህን ላክልኝ 😂

ብሌን፦ የቱ ውስኪ ነው? ምንም አልነገርከንም እኮ።

የግላስጎው ልጅ፦ የስኮትላንዷ አይላ ደሴት፣ 5 ዓመት፣ 46 በመቶ አልኮል ይላል። ቶሎ በሉ!

ሰላሚት፦ በሻይ ማጥለያ አጥልለው።

ጋሽ መለኪያ፦ ልጄ፣ ሰው የሚጠጣውን አስቀድሞ ይወቅ። ውስኪ ስኮች ለመባል ስኮትላንድ ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቀመጥ አለበት፤ 5 ዓመት ገና ጎረምሳ ነው። አይላ ላይ ብቅሉን ሲያደርቁ ፒት የሚባለውን፣ ከረግረግ የሚቆፈረውን አፈር ያጨሱበታል። ያ የሆስፒታል ሽታ ከጭሱ የሚገባው ፌኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በርሜል ውስጥ ሲቆይ እየለዘበ ይሄዳል፣ ጎረምሳው ላይ ግን ፊት ለፊት ይመታሃል። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ላፍሮይግ የሚባለው የአይላ ውስኪ በመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር።

ዳኒ፦ ኮካ ጨምርበትና ገላግለን።

ጋሽ መለኪያ፦ ዳኒ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ።

አባ ጨጓሬ፦ እናቴ የጠላውን ጋን በወይራ ስታጥን ተበላሸ ያላት ሰው የለም።

ሰላሚት፦ የሻይ ማጥለያ የሌለው ቤት አለ?

ኤደን፦ ባር ውስጥ ነው የምሠራው። ማጥለያው ደቃቁን ያሳልፈዋል። የቡና ማጣሪያ ወረቀት ጠርሙስ መሙያ ማንቆርቆሪያ (ኢምቡቶ) ላይ አድርገህ ቀስ እያልክ ወደ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ገልብጠው፤ ለክዳን የሌላ ባዶ ጠርሙስ ቡሽ ይሆናል። መድፈረሱ ከቡሹ አይደለም። 46 በመቶ የሆኑት ብዙዎቹ ፋብሪካው ውስጥ ቀዝቅዘው ስለማይጣሩ ቅባታማው ነገር ውስጡ ይቀራል፣ በረዶ ሲያገኝ ይታያል። ጉዳት የለውም፣ በረዶውን ግን ተወው፤ ጣዕሙን ይዘጋዋል። ለእንግዶቹ ትንሽ ትንሽ ቅዳላቸው። ብርጭቆውን አፍንጫ ውስጥ ሳይከቱ፣ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ከራቅ ያሽትቱ። የመጀመሪያው ጉንጭ ጭስ ብቻ ነው፣ በእሱ አይፍረዱ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ውሃ ጠብ አድርግበት፤ የብቅሉ ጣፋጭነትና የሎሚ ልጣጭ የሚመስል ነገር ብቅ ይላል፣ መጨረሻው ጨው ጨው ይላል።

ዳኒ፦ በብርሌ ቢቀርብስ?

ብሌን፦ ጠርሙሱን አጋድመህ ነበር እንዴ ያስቀመጥከው? ውስኪ እንደ ወይን አይተኛም፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

የግላስጎው ልጅ፦ መደርደሪያዬ አጭር ነው፣ ቆሞ አይገባም። ኤደን፣ ወረቀቱ ላይ በጣም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ልጭመቀው?

ኤደን፦ አትጭመቅ! ፍርፋሪው ያመልጥሃል። ሲሞላ ወረቀቱን ቀይር።

ብሌን፦ እሺ፣ እንዴት ሆነ? እንግዶቹስ ወደዱት?

ሰላሚት፦ በሻይ ማጥለያ ቢሆን ይሄኔ ጨርሷል።