ክሎሪን-37 እና የፀሐይ ኒውትሪኖ፦ ስሌቴ ለምን አራት እጥፍ ወጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካዊው ኬሚስት ሬይመንድ ዴቪስ ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን (ቻርጅ የሌላቸው፣ ከቁስ ጋር እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጋጩ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ለመቁጠር በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ በሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሠራውን ሙከራ ለሴሚናር እያሰላሁ ነው። ታንኩ 615 ቶን ፐርክሎሮኢትሊን ይዟል፤ ያው ላውንደሪ ቤቶች ልብስ የሚያጥቡበት ፈሳሽ። ውጤቱ 2.56 ኤስኤንዩ ነው (የፀሐይ ኒውትሪኖ መለኪያ፤ 1 ኤስኤንዩ፦ ከ10^36 ዒላማ አቶሞች በሴኮንድ አንዱ ሲለወጥ)። ኒውትሪኖ የክሎሪን አቶምን ሲመታ አርጎን-37 ይፈጠራል፤ እኔ በቀን 2 የአርጎን-37 አቶም ገደማ ወጣልኝ፤ የታተመው ግን 0.48 ነው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት? ይህችን ታህል አርጎንስ እንዴት ትለቀማለች?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ክሎሪኑን በሙሉ ቆጥረኸዋል። ኒውትሪኖ ውጦ አርጎን-37 የሚሆነው ክሎሪን-37 የተባለው የክሎሪን ዓይነት (አይሶቶፕ) ብቻ ነው፤ ድርሻውም 24.2 በመቶ። 615,000,000 ግራም ለ165.8 ሲካፈል 3.71 ሚሊዮን ሞል ነው። በ4 (በአንድ ሞለኪውል ያሉት የክሎሪን አቶሞች)፣ በአቮጋድሮ ቁጥር (በአንድ ሞል ያሉት ሞለኪውሎች ብዛት) እና በ0.242 አባዛው፤ 2.16 × 10^30 ይመጣል። በ2.56 × 10^-36 እና በ86,400 ስታባዛው 0.48 ታገኛለህ።

መልስ 2፦ አለቃቀሙን በተመለከተ፣ አስቀድሞ 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ አርጎን-36 ወይም አርጎን-38 ታንኩ ውስጥ ይጨመራል። ጥቂቶቹን አቶሞች አጅቦ የሚወጣው እሱ ነው፤ ስንት እጁ እንደተመለሰ ሲለካም የለቀማው ብቃት ይታወቃል (95 በመቶ አካባቢ)። ከዚያ ሂሊየም በፈሳሹ ውስጥ ለ20 ሰዓት ያህል ይንቦለቦላል። አርጎን ከምንም ጋር ስለማይዋሃድ አብሮት ይወጣና በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ከሰል ላይ ይቀራል። አየር ከገባ ግን ችግር ነው፤ ሬዲዮአክቲቭ ክሪፕተን ይዞ ይመጣና ቆጠራውን ያበላሻል። ስለዚህ ጋዙ በክሮማቶግራፊ (ጋዞችን አንዱን ከሌላው በሚለይ ዘዴ) ተለይቶ ነው ወደ መቁጠሪያው የሚገባው።

ጠያቂ፦ ተስተካከለልኝ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ ለ60 ቀን ከቆየ 0.48 × 60 = 29 አቶም ልበል?

መልስ 3፦ አትበል። የአርጎን-37 ግማሽ ዕድሜ 35 ቀን ስለሆነ እየተፈጠረም እየፈረሰም ነው። ቢቆይ ቢቆይ ከ24 አያልፍም፤ በ60 ቀን 17 ገደማ ነው። 1,478 ሜትር ድረስ የተወረደውም በከንቱ አይደለም፤ ዓለቱ የኮስሚክ ጨረርን እንዲከልል ነው። የኮስሚክ ጨረር (ከህዋ የሚመጣ ጨረር) ሙዎኖች፣ ማለትም ጨረሩ አየርን ሲመታ የሚፈጠሩ ቅንጣቶች፣ የሚያስነሱት ፕሮቶን ክሎሪን-37ን ሲመታ የሚወጣው ያው አርጎን-37 ነው፤ መቁጠሪያው ደግሞ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «የፀሐይን ኒውትሪኖ በሙሉ ለካ» ብለህ እንዳትጽፍ። አብዛኛው የሚወጣው ሁለት ፕሮቶኖች ሲዋሃዱ ሲሆን ጉልበቱ ከ0.42 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም። ክሎሪን-37 የሚጀምረው ከ0.814 ነው። የሚያየው በአመዛኙ ቦሮን-8 የተባለው አቶም ፀሐይ ውስጥ ሲፈርስ የሚወጣውን ነው።