የተመስጦ ጸሎት በወንጌላውያን መካከል፦ ይፈቀድ ወይስ ይቅር?

ጥያቄውን ያቀረበው
ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ለወጣቶች ሪትሪት (ከዕለት ኑሮ ርቆ ለጸሎትና ለቃሉ የሚሰበሰቡበት ጊዜ) ከታቀዱት ሰዓቶች አንዱ 20 ደቂቃ የዝምታ ጸሎት ነው። በዚህ ነገር የአገልጋዮች ስብሰባ ለሁለት ተከፈለ። «ይህ የመነኮሳት ነው፣ አይገባንም» ያሉ አሉ፤ «ልጆቻችን በጌታ ፊት ዝም ማለትንም ይማሩ» ያሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከቃሉ ጋር አምጡት።

ወንድም ከሃዋሳ
እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ዛሬ በመጻሕፍትና በቪዲዮ ወደ እኛ የሚደርሰው ዘዴ ከሐዋርያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር በሚገኝ የትራፒስት (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም ዊልያም ሜኒንገር፣ ባሲል ፔኒንግተንና ቶማስ ኪቲንግ የተባሉ መነኮሳት ያዘጋጁት ነው። አንድ «ቅዱስ ቃል» ትመርጣለህ፤ ዐይንህን ጨፍነህ 20 ደቂቃ ትቀመጣለህ፤ ሐሳብ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ቃል ትመለሳለህ። መልካም ሐሳብም ቢሆን ይለቀቃል። ስለ ጌታ መስቀል ማሰብም ይለቀቃል ማለት ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። መዝሙር 1 ብፁዕ የሚለው ሰው በሕጉ በቀንና በሌሊት ያስባል እንጂ ሐሳቡን አያራግፍም። ጌታም በማቴዎስ 6፥7 «በከንቱ አትድገሙ» ብሏል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1989 በካርዲናል ራትሲንገር (ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ) ፊርማ ለጳጳሳቷ በላከችው ደብዳቤ፣ የምሥራቅ ሃይማኖቶችን የተመስጦ ዘዴ ያለ ማስተዋል ከክርስቲያን ጸሎት ጋር ከመቀላቀል አስጠንቅቃለች። እነርሱ የተጠነቀቁትን እኛ ለምን እንቀበላለን?

እኅት ከሚኒያፖሊስ
ወንድሜ፣ ስለ ስፔንሰሩ ዘዴ ያልከውን እቀበላለሁ፤ እኔም በዚያ መንገድ አልጸልይም። ነገር ግን ከአንድ ዘዴ ጋር ዝምታን በሙሉ አብረህ ከሰስክ። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1535 ጸጉር አስተካካዩን ጴጥሮስን ጸሎት ሲያስተምረው፣ አባታችን ሆይንና አሥርቱን ትእዛዛት እየከፋፈለ እንዲጸልይ ነገረው። በመካከል መንፈስ ቅዱስ በልብህ መስበክ ከጀመረ ግን የቀረውን ተወውና ዝም ብለህ አድምጥ አለው። የአሜሪካው ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስም እ.ኤ.አ. በ1737 ለጤናው ብሎ በፈረስ ወደ ጫካ ወጥቶ ሲጸልይ የክርስቶስ ክብር እንደ ታየው፣ አንድ ሰዓት ያህልም እንዳለቀሰ ራሱ ጽፏል። እነዚህን ከወንጌላውያን ማን ያስወጣቸዋል?

የራሴን ልንገርህ። አንድ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ መዝሙር 131ን፣ ቀስ ብዬ ደጋግሜ አነባለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ሰላም አይደለም፤ ያልተከፈለ ቢል፣ የተቀየምኩት ሰው፣ የነገ ሥራ ነው። እነዚያን አንድ በአንድ ለጌታ እነግረዋለሁ። ከዚያ የምለው ያልቃል። ቀድሞ ቢሆን «አሜን» ብዬ እነሣ ነበር፤ አሁን እቆያለሁ። ራእይ አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ይቅር ማለት ያቃተኝን ሰው በስሙ ጠርቼ የምባርከው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቆይታ በኋላ ነው።

ወንድም ከአዳማ
መዝሙር 46፥10 «ዕረፉ፥ እኔም አምላክ እንደ ሆንሁ እወቁ» መጠቀሱ አይቀርምና ቀድሜ ልናገር። ከፊቱ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ የሚናገረው ጦርነትን የሚሽር፣ ቀስትን የሚሰብር አምላክ ነው። ለሚዋጉ አሕዛብ የተነገረ ነው እንጂ የጸሎት አቀማመጥ ትምህርት አይደለም። ድምፅ ለሌለው ጸሎት ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሐና አለችላችሁ፤ ከንፈርዋ ብቻ ስለ ተንቀሳቀሰ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርስዋም ብትሆን ግን በልቧ ትናገር ነበር፤ ቃል ነበራት።

እኅት ከዓረብ አገር
እኔ በሰው ቤት የምሠራ ነኝ። እዚህ ድምፅ አውጥቼ ብጸልይ ሥራዬን አጣለሁ፤ የባሰም ሊመጣ ይችላል። አገር ቤት ሳለሁ አዳር ጸሎት ላይ ጉሮሮዬ ካልተዘጋ የጸለይኩ አይመስለኝም ነበር። እዚህ ስመጣ ጸሎት የተወሰደብኝ መሰለኝ። ቀስ በቀስ ግን ሰሃን እያጠብኩ፣ ልብስ እየተኮስኩ፣ የቀራጩን «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» በልቤ እል ጀመር። በቀን ስንቴ እንደምለው አላውቅም። ይህ በከንቱ መድገም ከሆነ ንገሩኝ። መዝሙር 136 ግን «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለውን 26 ጊዜ ይደግማል።

ወንድም ከሃዋሳ
እኅቴ፣ ያንቺ ጸሎት በከንቱ አይደለም። ቀራጩ ምሕረት ለመነ፤ አንቺም እየለመንሽ ነው። እኔ የምቃወመው ቃሉ ትርጉሙ ቀርቶ ሐሳብ ማባረሪያ ሲሆን ነው። ሌላም ስጋት አለኝ። «ጌታ ተናገረኝ» ባዩ በዝቶብናል። ትዳር ያፈረሰ፣ ቤት ያሸጠ «ትንቢት» ሁላችንም እናውቃለን። ወጣቱን ዐይኑን አስጨፍነን «የምትሰማውን አድምጥ» ብንለው፣ የራሱን ምኞት የጌታ ድምፅ ነው ብሎ ይወጣል።

አንድ አባት ከአዲስ አበባ
ልጄ፣ ያ «ትንቢት» የወጣው ከዝምታ አይደለም፤ ማይክ ከተያዘበት መድረክ ነው። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን መሠረተ ክርስቶስን በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በየቤቱ በሹክሹክታ እንጸልይ ነበር። አንዳንዴ ሹክሹክታውም አደገኛ ሲሆን እጅ ለእጅ ተያይዘን ዝም እንል ነበር። 5 ሺህ ገደማ የነበርነው ስደቱ ሲያበቃ ከ30 ሺህ በልጠን ወጣን። ጸሎት በጩኸት የሚለካ ቢሆን ያኔ ባለቅን ነበር።

ወንድም ከአዳማ
አባቴ፣ ያንን እናከብራለን። ግን ዝምታውን አልመረጣችሁትም፤ በሩ ሲከፈት እልል ብላችሁ ወጣችሁ።

የካህን ልጅ፣ ከጎንደር
እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን የምንፈራው ስፔንሰርን አይደለም፤ የወጣንበትን ቤት ነው። እኔ ያደግኩት 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» እየሰማሁ ነው። አባቴ ከመጽሐፈ መነኮሳት ማር ይስሐቅን እያነበበ ያለቅስ ነበር፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበረ፣ ስለ ዝምታና ስለ እንባ የጻፈ አባት ነው። ወንጌልን ስቀበል ያንን ሁሉ ባዶ ሥርዓት ነው ተባልኩ። አንዳንዱን በቃሉ መርምሬ ትቻለሁ፤ አልመለስበትም። የአባቴ እንባ ግን ባዶ አልነበረም፤ ማንም እንዲህ እንዲለኝ አልፈቅድም።

እኅት ከሚኒያፖሊስ
አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በልሳን የምንጸልይ ሰዎች አእምሮ ካልሠራ ጸሎት አይደለም ማለት እንዴት እንችላለን? ጳውሎስ «መንፈሴ ይጸልያል አእምሮዬ ግን ያለ ፍሬ ነው» ብሏል።

ወንድም ከሃዋሳ
ቀጥሎም «በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ብሏል። ደግሞም ልሳን ስጦታ ነው፤ በ20 ደቂቃ ሥልጠና አይሰጥም።

እኅት ከሚኒያፖሊስ
ስጦታ መሆኑን አምናለሁ። ዝምታውም በሥልጠና የሚመጣ አይደለም። የምንችለው ልጆቹን ከቃሉ ፊት አስቀምጠን ስልካቸውን መሰብሰብ ነው።

ጥያቄውን ያቀረበው
እንግዲህ ለአገልጋዮቹ ይህን አቀርባለሁ፦ መዝሙር 131 ሦስት ጊዜ ይነበብ፤ የሚመረጥ «ቅዱስ ቃል» አይኑር፤ ዝም ማለት የከበደው ወጣት በሌላው አዳራሽ ድምፁን አውጥቶ ይጸልይ። ጌታ ተናገረኝ የሚል ቢኖር ለሽማግሌዎች ሳያቀርብ ለማንም አያውጅ።

ወንድም ከሃዋሳ
በዚህ መልክ ከሆነ አልቃወምም። ግን የሚመሩት እነማን ናቸው? ስማቸውን ከሪትሪቱ በፊት አሳውቁን፤ ቀርበን እንጠይቃቸዋለን።