ሁለት ገጽ እስከ ሚያዝያ፦ ለክልሉ በምናቀርበው የጋራ ምክረ ሐሳብ ላይ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በስብሰባው በሰጣችሁኝ አደራ መሠረት የመጀመሪያውን ረቂቅ ልኬላችኋለሁ። ጥያቄው ያው ነው፤ ባሕር ዳር ያለን ተመራማሪዎች የምናውቀው ነገር ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ እንዴት ይድረስ? ረቂቁ ዓመታዊ የጥናት ጉባኤ፣ ለቢሮ ኃላፊዎች የሦስት ቀን ሥልጠና እና የጥናቶች ጥራዝ ይጠይቃል። ጽፌ ስጨርስ ግን ልቤ አልሞላም። ዩኒቨርሲቲያችን ከፖሊቴክኒኩና ከመምህራን ኮሌጁ ውሕደት በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ ጉባኤ አጥቶ አያውቅም። እስኪ ሳትሳሱ አስተያየታችሁን ስጡኝ።

የቀድሞ የቢሮ ባለሙያ፣ አሁን የዶክትሬት ተማሪ፦
እህቴ፣ ልፋትሽ ይታየኛል። ቢሆንም ጉባኤውም ሥልጠናውም ከረቂቁ ቢወጡ ይሻላል ባይ ነኝ። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ስድስት ዓመት በአንድ ቢሮ ሠርቻለሁ። ጥናት ሲመጣ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለሚመለከተው ባለሙያ» ብሎ ይመራዋል፣ ከዚያ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን 140 ገጽ የእንግሊዝኛ ጥናት ደረሰኝ። በማግሥቱ ጠዋት ለማኔጅመንት የሚቀርብ የሁለት ገጽ ማስታወሻ በአማርኛ ጻፍ ተባልሁ። ሌሊቱን ማጠቃለያውን ብቻ አንብቤ የገባኝን ጻፍሁ። ከዓመታት በኋላ ጥናቱን የሠራውን ሰው ሳገኘው ዋናውን ነጥብ ገልብጬ እንደጻፍሁት ነገረኝ። በታክሲ የአንድ ፌርማታ መንገድ ነበር የሚለየን፤ ስልክ እንኳ አልተደዋወልንም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያቺን የሁለት ገጽ ማስታወሻ እኛው ራሳችን እንጻፋት። በባለሙያው ፋይል ውስጥ እንዳለች ልትገባ በምትችል መልክ፣ በቢሮው ቋንቋ። ደግሞም ኃላፊ ይቀያየራል፣ ባለሙያው ግን ይቆያል። በስም ልናውቀው፣ ቡና ልንጋብዘው የሚገባን እሱን ነው።

የምጣኔ ሀብት መምህር፦
እስማማለሁ፤ ግን የምን ሁለት ገጽ? ሁላችንም የየራሳችንን ጥናት ካመጣን ተመልሶ ጥራዝ ሊሆን ነው። በአንድ ጉዳይ እንጀምር። እኔ እምቦጭን እላለሁ፤ ሕዝቡም ያውቀዋል፣ ሹሙም ያውቀዋል።

አንጋፋው የዓሣ ተመራማሪ፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለሚያውቀው ነው እኔ የማልመርጠው። አረሙ በ2004 ገደማ በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህ ስለ እሱ ያልተናገረ የለም፤ የእኛ ሁለት ገጽ እዚያ ውስጥ ትሰጥማለች። እኔ የማነሳው ጠበብ ያለ፣ ጊዜው የታወቀ፣ በአንድ ውሳኔ ሊነካ የሚችል ነገር ነው፤ ክረምት ላይ በወንዝ አፍ የሚጣለው መረብ።

አንዳንዶቻችሁ ዘርፋችሁ ስላልሆነ ላስረዳ። ጣና ላይ 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው ብዙ ዝርያ የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች ናቸው። ከእነሱ በርካታዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ወንዝ ወጥተው ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል አባይ አፍ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። አጥማጁም ይህን ያውቃል። በደንገል ታንኳ ብቻ ይጠመድ በነበረበት ዘመን ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ከመጣ በኋላ ግን በቀጣዮቹ አሥራ አምስት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በእጅጉ እንዳሽቆለቆለ ከኔዘርላንድሱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥናቶቹ በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ወጡ። እኔም በዚያው ቋንቋ ጻፍሁ፣ ማዕረጌንም በእሱ አገኘሁ።

አንድ ነሐሴ ጉማራ አፍ ላይ ነበርሁ። ውሃው ጭቃ ለብሶ ሻይ በወተት መስሏል። መረቡ ሲሳብ ከወጡት አንዷን አንስቼ ሆዷን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው፣ እንቁላሉ እንደ ማሽላ ፍሬ፣ ቢጫ ሆኖ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። አጥማጁ አየኝና ዝም አለ። እሱም አዘነ፣ እኔም አዘንሁ፤ ዓሣዋ ግን ለገበያ ሄደች። እስከ ዛሬ ጽፌው የማላውቀው ነገር ይኸው ነው።

የሕግ መምህር፦
ፕሮፌሰር፣ ይህን ጻፉልን እንጂ! ከሕግ ወገን ልጨምር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ የዓሣ ሕግ አለው። ስለዚህ አዲስ አዋጅ አንጠይቅ፤ የአዋጅ ጥያቄ ዓመታት ይወስዳል። የምንጠይቀው ያለውን ሕግ ለአንድ ወቅትና ለተወሰኑ ቦታዎች ሥራ ላይ ማዋል ይሁን። «ማኅበር ፖለቲካ ውስጥ ለምን ይገባል» የሚል ቢመጣም ስጋት አይግባችሁ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበራት በሕጎችና በፖሊሲዎች ላይ ሐሳብ እንዲያቀርቡ በግልጽ ይፈቅዳል። የቁጥጥር መረጃ ከተከለከልንም መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ በጽሑፍ ስንጠይቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጠን ይገባል። በበኩሌ ግን መጀመሪያ በሰላምታ፣ በኋላ በአዋጅ ባይ ነኝ።

የምጣኔ ሀብት መምህር፦
እምቦጩን ትቻለሁ፤ ፕሮፌሰር አሳመኑኝ። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ የአጥማጁን ምሳ መቁጠር አለበት። ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ናት፤ ዓሣ የሚበላው ጿሚ ወደ ገበያ የሚወጣበት፣ ዋጋው የሚሻልበት ጊዜ ነው። ያን ወቅት «መረብህን ሰብስብ» ስንለው ዓመቱን የሚያሻግረውን ገንዘብ ነው የምንወስድበት። እኛ ደመወዛችን ሐምሌም ነሐሴም ይገባል።

አንጋፋው የዓሣ ተመራማሪ፦
ልክ ነህ፤ ለዚህም ነው ሐይቁ ይዘጋ የማንለው። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለው ሐይቁ ውስጥ ነው፤ ወንዝ አይወጣም። አጥማጁ ከወንዝ አፍ ራቅ ብሎ ቆሮሶና አምባዛ ማጥመዱን ይቀጥል። የሚከለከለው የወንዞቹ አፍና ወደ ላይ ያለው መንገዳቸው ብቻ ይሁን። ይህች ልዩነት በጽሑፉ ካልተብራራች «ተመራማሪዎች ዓሣ ማጥመድ ይከልከል አሉ» ተብሎ ይወራና ነገሩ ያኔውኑ ይሞታል።

የውሃ ሀብት ተመራማሪ፦
አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጥፋቱን ሁሉ መረብ ላይ ከጫንነው እውነቱን አጉድለናል። ከጉማራና ከርብ አሸዋ ይወጣል፤ በጋ ላይ ውሃው በፓምፕ ይሳባል፤ ርብ ላይ ግድብ አለ፤ ፎገራ ላይ ረግረጉ የሩዝ ማሳ ሆኗል። ዓሣዋ መረቡን ብታመልጥ እንኳ እንቁላሏን የምትጥልበት ንጹሕ ጠጠር ማግኘቷ ያጠራጥራል። ከእነዚህ የቱ ምን ያህል እንደጎዳ መካከላችን ስምምነት የለም። ይህን ደብቀን እርግጠኛ መስለን ከቀረብን፣ ነገ ሌላ ተመራማሪ ሲቃወመን ቢሮው ሁለታችንንም ማመን ይተዋል።

የቀድሞ የቢሮ ባለሙያ፦
እንዲያውም ቢሮ ውስጥ የሚረዳው ይህ ነው። ባለሙያው የሚፈራው የማያውቁትን የሚያውቁ መስለው የሚቀርቡትን ነው። «ይህን እናውቃለን፤ ይህ ያከራክረናል፤ ያም ሆኖ ይህን ማድረግ አይጎዳም» የሚል ሦስት አንቀጽ ብናስቀምጥ ማስታወሻውን ለመከላከል አያፍርም። የመረቡ እገዳ በርካሽ ሊሞከር፣ ካልሠራም ሊተው ይችላል፤ ግድብ ግን አይነቀልም። መጀመር ያለብን ለምን በመረቡ እንደሆነ በዚህ መልክ ይገለጽ።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዓሦቹ ወደ ወንዝ አፍ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለቁጥጥር ጀልባው ነዳጅ፣ ለተቆጣጣሪው አበል፣ ለአጥማጆቹ የሚታሰበው ድጋፍ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። እኛ እንደ ወትሮው ጥቅምት ላይ ውጤት ስናቀርብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ሚያዝያ ሳይጋመስ ጽሑፉ በባለሙያው እጅ ይግባ። ግንቦት ላይ የምክር ቤቱን ቋሚ ኮሚቴ እናግኝ፤ በጀቱን በሚያጸድቁበት ሰሞን ጥያቄ የሚያነሱት እነሱ ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጉባኤውን፣ ሥልጠናውንም ጥራዙንም አውጥቻለሁ። አዲሱ የረቂቁ መሃል ይኸው፦

«በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል አባይ አፍ ላይ በዓሦቹ የመራቢያ ወቅት መረብ መጣል ለሁለት ክረምት በሙከራ እንዲቆም፤ በሐይቁ ሌላ ክፍል ማጥመድ እንዲቀጥል፤ በሙከራው ገቢያቸው የሚነካ አጥማጆች ድጋፍ ከማኅበሮቻቸው ጋር ተመክሮበት በዕቅድ እንዲያዝ እንጠይቃለን። ማኅበራችን የሁለቱን ክረምት ውጤት፣ የጠበቅነው ቢሆንም ባይሆንም፣ በየኅዳሩ በአማርኛ ያቀርባል።»

ከዚህ ሌላ ለዩኒቨርሲቲው ለብቻው አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ወጣቶቻችን ማዕረግ የሚያገኙት በመጽሔት ጽሑፍ ነው፤ ለቢሮ የተጻፈ ማስታወሻ ካልተቆጠረላቸው ለዚህ ሥራ ጊዜ አይኖራቸውም። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር እኩል ተልእኳችን ነው እያልን አይደል?

የሕግ መምህር፦
«ተመክሮበት» የምትለዋ ቃል ጥሩ ናት፤ ግን እስካሁን ከማን ጋር ተመከረ? ጽሑፉ ቢሮ ከመድረሱ በፊት አጥማጆቹ ይስሙት። በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች፤ ሐይቁን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፣ ደንገሉም ዓሣውም ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

አንጋፋው የዓሣ ተመራማሪ፦
ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ማረፊያው ላይ እኔ አነብላቸዋለሁ። ልጄ፣ ረቂቁን በትልቅ ፊደል አትሚልኝ፤ በየአንቀጹ መሃል ባዶ ቦታ ተዪ፣ የሚሉትን እዚያው እጽፍበታለሁ። የወቅቱን ቀን ግን አሁን አትሙዪው። ዓሣዋ ወደ ጉማራ አፍ የምትመጣበትን ሳምንት ከእኔ ይልቅ እነሱ ይንገሩሽ።