ወደ ሌቨን ስንሄድ ልጆቻችንን በየትኛው ትምህርት ቤት እናስገባ?

የፔዳ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ለሦስተኛ ዲግሪ ለአራት ዓመት ከቤተሰቤ ጋር ወደ ቤልጅየም፣ ሌቨን ከተማ ልሄድ ነው። ሴት ልጄ ታኅሣሥ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ተወልዳ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ወንዱ 13 ዓመቱ ሲሆን ከሰባተኛ ወደ ስምንተኛ አልፏል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁትን ክፍያ የስኮላርሺፕ አበሌ አይችለውም፤ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚያስተምሩት በደች ቋንቋ ነው። ልጁ ተመልሶ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በእንግሊዝኛ የሚወስድ ከሆነ፣ አራት ዓመት በደች መማሩ እንዳይጎዳው እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከሌቨን ተመላሽ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሴት ልጅዎን ያለ ማመንታት በአካባቢው ትምህርት ቤት ያስገቧት፤ የትምህርት ክፍያ የለውም። የእኔ ልጅ በስምንት ዓመቷ ገብታ የመጀመሪያዎቹን ወራት በዝምታ ብታሳልፍም፣ ዓመቱ ሳያልቅ ገበያ ላይ ለእኔ የምታስተረጉም እርሷ ሆነች።

አጥብቄ የማሳስብዎ የልደት ቀኗን ጉዳይ ነው። ሌቨን በምትገኝበት በፍላንደርስ ክልል ልጆች በየክፍሉ የሚመደቡት በተወለዱበት የፈረንጆች ዓመት ነው፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2009 ደግሞ ዲሴምበር 29 ቀን 2016 ላይ ይውላል። ሦስት ቀን ዘግይታ ብትወለድ ኖሮ የ2017 ልጅ ሆና አንድ ክፍል ዝቅ ትል ነበር። የእኛን የልደት ምስክር ወረቀት የተረጎመው ሰው በዓመቱ ላይ ሰባት መደመር ሲገባው ስምንት በመደመሩ፣ ልጄ ከእኩዮቿ በታች ተመድባ ለማስተካከል ወራት ፈጅቶብናል።

የቀድሞ የፖሊ ተማሪ፦
የወንዱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በዚያ አገር ሁለተኛ ደረጃ የሚጀመረው በ12 ዓመት ስለሆነ፣ ልጅዎ ደች ለማያውቁ አዲስ መጤዎች በተዘጋጀው፣ ኦካን በሚባለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራል። ከዚያም መምህራኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚወስደው፣ ወደ ሥራ ከሚያመራው ወይም ሁለቱን ከሚያጣምረው ዘርፍ የትኛው እንደሚሻለው ይመክራሉ። አባት ነቅቶ መጠበቅ ያለበት ይህን ጊዜ ነው፤ በሒሳብ ጎበዝ የነበረ ልጅ ደቹ ስላልጠነከረ ብቻ ወደ ሙያው ዘርፍ ሲመራ አይቻለሁና። የሒሳብና የሳይንስ ውጤቱን በእንግሊዝኛ አስተርጉመው ይያዙ፤ ምክሩ ሲሰጥም እርስዎ ይገኙ።

ጣና ዳር፦
አራት ዓመት አጭር ነው። ልጁ እዚሁ አያቱ ዘንድ ሆኖ ትምህርቱን ቢቀጥል አይሻልም?

ከሌቨን ተመላሽ፦
አሳብዎን ባከብርም፣ ልጅን ከ13 እስከ 17 ዓመቱ ከአባትና ከእናቱ መለየት ምንም ፈተና የሚያካክሰው አይደለም። ይልቅስ ከመሄዳችሁ በፊት 12ኛን የት እንደሚጨርስ ወስኑ። እዚያው የሚጨርስ ከሆነ ሙሉ ኃይሉን ደች ላይ ያድርግ፤ የሚመለስ ከሆነ ግን የየዓመቱን ውጤት ለአቻ ግምት አስቀምጡለት፣ የእኛንም የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል መጻሕፍት በቤት ያንብብ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለሌለ፣ እኛ ያንን ጊዜ ለአማርኛ ንባብ እናውለው ነበር። ስለ ሃይማኖት ካሰባችሁም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወላጅ ከሚመርጣቸው የሃይማኖት ትምህርቶች አንዱ ኦርቶዶክስ ነው።

የፔዳ መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስረጃዋን አውጥቼ ባየው ትርጉሙ 2017 ይላል፤ ነገ ጠዋት ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ከልጁ ጋርም ዛሬ ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ እርሱ ተመልሶ እዚሁ መፈተን ይፈልጋል፤ ስለዚህ መጻሕፍቱን ማሰባሰብ ጀምረናል።